መሶብ፣ ሹካና የእድር ሳህን፦ የመመገቢያ ዕቃዎችን በተመጋቢው ስለ መለየት

የመመገቢያ ዕቃዎችን የሚዘረዝሩ ጽሑፎችና የሙዚየም መግለጫዎች አከፋፈላቸውን የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ዕቃው ከተሠራበት ነገር ነው። ሸክላው በአንድ በኩል፣ እንጨቱ በሌላ በኩል ይደረደራል፤ ስፌቱ፣ ቀንዱና ብረቱም ለየራሳቸው ቦታ ይሰጣቸዋል። ይህ አደራደር ለዕቃ ጠባቂው ይመቻል፤ ሸክላ እንዳይሰበርና ስፌት እንዳይሻግት የሚደረገው ጥንቃቄ አንድ አይደለምና። ስለ አበላል ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ከሸክላ ጣባ አንድ ሰው ብቻውን ክትፎ ይበላል፤ ያው ሸክላ ድስት ሲሆን ቤተሰብ ሙሉ ይመገብበታል። ማንኪያ በሆቴል የአንድ እንግዳ ብቻ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንዱ ዕርፈ መስቀል ለቆራቢው ሁሉ ይበቃል። ስለዚህ ከዕቃው ቁስ ይልቅ «ከዚህ ማን ከማን ጋር ይበላል? ባለቤቱስ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ማስቀደም የተሻለ መንገድ ይመስላል። ይህ አጭር ጽሑፍ ይህን አከፋፈል በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ ላይ ይሞክረዋል።

ካዛንቺስ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። በዚህ ሰፈር በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ውስጥ ነጭ ጨርቅ የለበሰ የሆቴል ጠረጴዛ፣ ትሪ የሚቀርብበት የምሳ ቤትና የእድር ድንኳን ጎን ለጎን ኖረዋል። ሁለተኛው ምክንያት አጣዳፊ ነው። በ2017 ዓ.ም. በከተማዋ የኮሪደር ልማት ሥራ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ገላን ጉራን ወደመሰሉ አዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች ተዛውረዋል። ቤት ሲፈርስ የቤት ዕቃ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ባለቤቱ ሰፈር የሆነ ዕቃ ግን ወዴት ይሄዳል?

ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ይገባል። «ካዛንቺስ» የሚለው ስም «ካሴ ኢንቺስ» ከሚለው የጣልያንኛ አጠራር የመጣ ነው። «ካሴ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያዘጋጀው የጣልያን ብሔራዊ ተቋም ምሕጻረ ቃል ነው። ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በፋሺስት ጣልያን እጅ በነበረችበት ዘመን ለወራሪው መንግሥት ሹማምንትና ጸሐፊዎች የተሠሩት ቤቶች ለሰፈሩ ስም አወጡለት። ከዚያ በኋላ የሰፈሩን ገበታ የለወጡት ክስተቶች በቅርብ ርቀት የተከናወኑ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በዚሁ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ፤ ሂልተን ሆቴል በ1962 ዓ.ም. ተከፈተ። ዲፕሎማት በበዛ ቁጥር ሹካ መብዛቱ አያስገርምም። በሌላ በኩል የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የካዛንቺስን ጓሮዎች የቀበሌ ቤት አደረጋቸው። በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ፣ በአንድ ማድ ቤት ብዙ ምድጃ የተለመደ ሆነ።

ከመሶብ እንጀምር። መሶብ የሚሠራው በስንደዶና በአክርማ ነው። ስንደዶው በውስጥ እየታሰረ ይጠማዘዛል፤ በውኃ የራሰው አክርማ በወስፌ እየተወጋ ይጠቀልለዋል፤ ዙሩ በዙር ላይ እየተደረበ ይነሣል። ከአንድ ቤተሰብ ስፌት ሌማት ዝርጉ፣ ሙዳይ ትንሹና ባለክዳኑ፣ አገልግል ቆዳ ለብሶ ለመንገድ የሚያዘው ነው። እነዚህ ሁሉ በሙያ አንድ ቢሆኑም በአበላል ይለያያሉ። አገልግል የሚሸከመው የመንገደኛን ስንቅ ነው፤ መሶብ ግን እግር ስላለው ሰዎች ከበውት እንዲቀመጡ ያስገድዳል። የመሶብ ቁመት ከበርጩማና ከዱካ ጋር የተስማማ ነው። ሶፋ ወደ ሳሎን ሲገባ ይህ ስምምነት ይፈርሳል፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ መሶብ ለመድረስ ማጎንበስ ይኖርበታል። በብዙ የከተማ ቤቶች መሶብ ወደ ጥግ የተገፋው ዘመናዊነት ስለጠላው ብቻ ሳይሆን ከወንበሩ ጋር ባለመግባባቱም ጭምር ይመስላል። ቦታውን የወሰደው ትሪ ነው፤ ትሪ እግር ስለሌለው በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

የትሪው ስፋት የሚወሰነው ግን በጠረጴዛው አይደለም፤ በምጣድ ነው። የሸክላ ምጣድም ሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ እንጀራውም ያንኑ ያህላል። እንጀራ ሳህንም፣ ማንሻም፣ ምግብም በመሆኑ የማዕዱ መጠን የሚለካው በእርሱ ነው። ከአንድ እንጀራ ዙሪያ አራት ወይም አምስት ሰው እጁን ሳያጋጭ ይበላል፤ ስምንት ሲሆኑ ሁለተኛ ትሪ ይፈለጋል። ስለዚህ «አንድ ማዕድ» የሚባለው የሰዎች ቁጥር በደግነት ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱን ስትድጥ የወሰነችው ነገር አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ በሸክላ ሥራቸው የታወቁት የቀጨኔ ሴቶች ሥራቸው ሲፈለግ ኖሮ ራሳቸው በሙያቸው የተናቁበት ዘመን ረጅም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ማዕዱን የምትለካው ሴት ለብዙ ዘመን ወደ ማዕዱ ያልተጠራች መሆኗ፣ የመመገቢያ ዕቃን በቁሱ ብቻ የሚያይ ሰው የማያገኘው እውነት ነው።

በጋራ ማዕድ ዙሪያ ሁሉም እኩል ነው ብሎ መደምደም ስህተት ይሆናል። ከመሶቡ አጠገብ ጭልፋ አለ። ወጥ ከድስት ወደ እንጀራ የሚወጣው በጭልፋ ነው፤ የቤቱ እመቤት ጭልፋውን ስትይዝ ድርሻ ትሰፍራለች። ዶሮ ወጥ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዶሮዋ በልማድ 12 ብልት ትወጣለች፤ የትኛው ብልት ለማን እንደሚገባ ደግሞ ሳይነገር ይታወቃል። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለከበረ እንግዳ ይቀርባል፤ ልጅ አንገት ወይም ክንፍ ይደርሰዋል። እንጀራው የጋራ ነው፤ ብልቱ ግን የየግል ነው፤ ይህን የሚለየው መሣሪያ ጭልፋ ነው። ከጭልፋ ፊት የሚመጣውም ማስታጠቢያ ነው። ወጣት ቆሞ ውኃ ያፈሳል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ይታጠባል፤ በእጅ የሚበላ ሁሉ ከመብላቱ በፊት በዕድሜ ቅደም ተከተል ይሰለፋል። ዛሬ በካዛንቺስ ምግብ ቤቶች የእጅ መታጠቢያው ከበሩ አጠገብ በመቆሙ ይህ ቅደም ተከተል ተረስቷል፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይታጠባል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የበሩ ላይ መታጠቢያ ግዴታ ሆነ፤ ከአንድ ትሪ መብላትም ለጊዜው የሚያስፈራ ነገር ሆኖ ነበር።

የግል መመገቢያ ዕቃ በሀገራችን ከሹካ ጋር እንደመጣ አድርጎ መናገር የተለመደ ነው። ይህ መታረም አለበት። በቁርጥ ማዕድ ላይ ሥጋው የጋራ ነው፤ ቢላው ግን የእያንዳንዱ ነው። ከካዛንቺስ ከፍ ብሎ በሚገኘው የታላቁ ቤተ መንግሥት ኮረብታ፣ በምኒልክ የግብር አዳራሽ ውስጥ፣ እንግዶች በየማዕርጋቸው ተራ በተራ እየገቡ ጥሬ ሥጋ የሚበሉት እየቆረጡ ነበር። ባለሙያ በላተኛ ሥጋውን በግራ እጁና በጥርሱ ይዞ ቢላውን ከታች ወደ ላይ፣ ከከንፈሩ አጠገብ ያሳልፈዋል። ይህን ለመሥራት የራስ ቢላ ያስፈልጋል፤ ማንም በሌላው እጅ ከአፍንጫው ሥር እንዲቆረጥለት አይፈቅድም። ዛሬ በሥጋ ቤቶች ሥጋው በሳህን ላይ ይቆረጣል፤ አዋዜው፣ ሚጥሚጣውና ሰናፍጩ በጎን ይቀርባሉ፤ ቢላው ግን እንደ ድሮው ለየሰው ነው። ለግሉ ዕቃ ቀድሞ የተፈቀደለት መሣሪያ ስለት ያለው መሆኑ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ በአውሮፓም ቢሆን ለረጅም ዘመን ተመጋቢው በወገቡ ይዞ የሚመጣው የራሱን ቢላ ነበር።

ክትፎ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ከጉራጌ የመጣው ይህ ምግብ በአዲስ አበባ ክትፎ ቤቶች የሚቀርበው በጣባ ነው፤ ማንሻውም በልማዱ ከቀንድ የተሠራ ማንኪያ ነው። የሁለቱ ምርጫ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። ክትፎ ለብ ባለ ቅቤ የሚለወስ በመሆኑ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ቅቤው ይረጋል። ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ቀንድም እንደ ብረት ሙቀት አይወስድም፤ በምላስ ላይም የብረት ጣዕም አያሳድርም። ቀንድ በሙቀት ሲለሰልስ እንደተፈለገ ይጠመዘዛል፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ ዋንጫውም ማንኪያውም የሚወጡት በዚህ ጥበብ ነው። በጉራጌ ቤት ክትፎ ከቆጮ ጋር ይቀርባል፤ ጣባውም የእንሰት ቅጠል ይነጠፍለታል። በካዛንቺስ ክትፎ ቤት ግን በቀንድ ማንኪያው አጠገብ የብረት ማንኪያ ሲቀርብ ይታያል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቀንዱ በሳሙናና በፈላ ውኃ ደጋግሞ መታጠብን አይወድም። በአንድ ቀን ብዙ ሰው የሚያስተናግድ ቤት ዕቃውን የሚመርጠው በአጣጣም ሳይሆን በአስተጣጠብ ነው።

ስለ ሹካ ረጅም ማለት አያስፈልግም፤ ስለ እርሱ የተጻፈው ብዙ ነውና። ቃሉ እሾህ ከሚል የዐረብኛ ሥር የመጣ ነው፤ ሳህን፣ ጣሳና ኩባያ የሚሉትም ከዐረብኛ የገቡ ናቸው፤ ትሪ ደግሞ ከእንግሊዝኛ። የዕቃዎቻችን ስሞች ዕቃዎቹ የመጡበትን የንግድ መንገድ ይዘው ቀርተዋል፤ ከእነዚህ ጎን መሶብ፣ ወጭት፣ ጭልፋና ዋንጫ ሲቀመጡ የሩቁና የቅርቡ ወዲያው ይለያል። በአዲስ አበባ በሹካና በቢላ የሚበላበትን ገበታ ለሕዝብ በመክፈት ስማቸው የሚነሣው እቴጌ ጣይቱ ሲሆኑ፣ ሆቴላቸው የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። በአውሮፓም ሹካ በቀላሉ የተወደደ አልነበረም። ከቢዛንታይን ወደ ጣልያን ተሻግሮ እዚያ ከተለመደ በኋላ እንኳ ሰሜኑ አውሮፓ እስኪቀበለው ድረስ ረጅም ዘመን ወስዷል፤ ጣልያን ቀድሞ የወደደው ፓስታን ለመጠቅለል ስለተመቸው ነው የሚል አስተያየትም አለ። በሙሉ ሥርዓት የተዘጋጀ የሆቴል ጠረጴዛ ሹካዎቹን በግራ፣ ቢላዎቹን ስለታቸው ወደ ሳህኑ ዞሮ በቀኝ፣ የሾርባ ማንኪያውን ከቢላዎቹ ቀጥሎ ያስቀምጣል፤ እንግዳው ከውጭ ወደ ውስጥ እያነሣ ይበላል። ለዓሣ ስለቱ የደነዘ ቢላ፣ ለቅቤ አጭር ቢላ፣ ለጣፋጭ ትንሽ ሹካ ይለያል። የዚህ ሁሉ ፍሬ አንድ ነው፤ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ወሰን ማስመር። አፍሪካ አዳራሽ ለስብሰባ የመጡ እንግዶች ያለ ጭንቀት ጎን ለጎን ሊበሉ የቻሉትም በዚህ ወሰን ነው፤ ማንም የማንን ልማድ ማወቅ አያስፈልገውም።

ካዛንቺስ ግን ሹካን እንደመጣ አልተቀበለውም። በምሳ ቤቶቿ ፓስታ በእንጀራ ላይ ይቀርባል፤ ሹካ የጠየቀ ይሰጠዋል፤ ያልጠየቀ በእንጀራ ይጠቀልለዋል። ከዚህም የሚልቀው «ማኅበራዊ» የተባለው ምግብ ነው። በአንድ ትሪ ላይ ፓስታው፣ ሩዙ፣ ጥብሱ፣ ወጡና አትክልቱ ይደረደራል፤ የቢሮ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው ከበው ይበሉታል። አንዳንዱ በሹካ፣ አንዳንዱ በእጁ፣ ከአንድ ትሪ። የግል መሣሪያ በጋራ ሳህን ላይ የሚውልበት ይህ ገበታ ስሙ «ማኅበራዊ» መባሉ ከማንኛውም ምሁራዊ ፍቺ የተሻለ ፍቺ ነው። በተቃራኒው የሚሄደው ምሳ ዕቃ ነው። ከቤት የመጣ ምሳ በክዳኑ ተዘግቶ የአንድ ሰው ሆኖ ይመጣል፤ ነገር ግን በቢሮ ውስጥ ምሳ ዕቃዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተከፍተው ሁሉም ከሁሉም ሲቀምስ ይታያል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የተማሪዎች ምገባ ግን እያንዳንዱን ሕፃን በራሱ ሳህን ያስለምዳል። በሚቀጥሉት ዓመታት የጉርሻ ልማድ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ከሆቴል ይልቅ ወደ ትምህርት ቤት መመልከት ይኖርበታል።

የዕቃዎቹ ስሞች ከዕቃዎቹ ተለይተው መሄዳቸውም መታዘብን ይሻል። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በምኒልክ የግብር አዳራሽ የተካሄደው «ገበታ ለሸገር» የተባለው እራት ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት ነበር። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለው የምግብ ልማት መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት አገልግሎቶችን በአንድ ስፍራ የሚሰጠው ማዕከል «መሶብ» ተባለ። ገበታ፣ ሌማት፣ መሶብ፤ ሦስቱም የጋራ ማዕድ ዕቃዎች ናቸው። ሹካ ወይም ሳህን የሚል ስም የተሰጠው መርሐ ግብር የለም። ቃላቱ ስለ አንድነት የሚናገሩት ሰው በልማዱ ከእነርሱ ዙሪያ ስለተቀመጠ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዓይነት ዕቃ እንምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ክብደትም በእርሱ ላይ ነው። የእድር ዕቃ የማንም ቤት ዕቃ አይደለም። ለቀስተኛ ለቀናት ሲቀመጥ አንድ ቤት ለመቶ ሰው የሚበቃ ሳህን አይኖረውም፤ ስለዚህ አባላት በየወሩ ከሚያዋጡት ገንዘብ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስቶች፣ ጆጎች፣ ብርጭቆዎችና ሳህኖች ይገዛሉ። የእድር ሳህን አመራረጥ የራሱ ሕግ አለው። አይሰበርም፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ይደረደራል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የመጨረሻው ነጥብ ውበትን አይመለከትም፤ ለመቁጠር ነው። ሲወጣ ይቆጠራል፣ ሲመለስ ይቆጠራል፣ የጎደለው በወሰደው አባል ይከፈላል። ከሥሩ የሚደረገው የቀለም ምልክትም የእድሩ መሆኑን ከጎረቤት ሳህን ይለያል። ዕቃ ያዡ እንደ ጸሐፊውና እንደ ገንዘብ ያዡ ሹመት ያለው ሰው ነው፤ ቁልፉ በእርሱ እጅ ነው። በብዙ ሰፈር የሴቶች እድር የራሱን የማብሰያ ዕቃ ለብቻው ይይዛል። ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚኖሩበት ሰፈር፣ ካዛንቺስም ከእነዚህ አንዷ ናት፣ ለለቀስተኛው የጾም ምግብ ማቅረብ ወይም ለየብቻ ማብሰል የተለመደ ነው። አንድ ድስት የሁለት ሃይማኖት ሰዎችን የሚያበላው ሥጋ ሳይገባበት ነው፤ በክርስቲያኑ ቤት ደግሞ የጾም ድስት ከፍስኩ ተለይቶ ይቀመጣል። ዕቃው ድንበሩን ያውቃል ማለት ነው።

በእድሩ ዕቃ ጎን እዝን አለ። ጎረቤትና ዘመድ ለሐዘንተኛው ቤት ምግብ ይዞ የሚመጣው በራሱ መሶብ፣ በራሱ አገልግል፣ ዛሬ ዛሬም በራሱ ባለክዳን የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ሐዘኑ ሲያበቃ ዕቃዎቹ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ ለዚህም ነው እናቶች የትሪያቸውን ጀርባ በቀለም የሚያስታውቁት። የጽዋ ማኅበር ደግሞ ሌላ መልክ ያሳያል። ጽዋው በየወሩ ከአንዱ አባል ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ የተቀበለው አባል የሚቀጥለውን ወር ድግስ ተቀበለ ማለት ነው። በዚህ ዕቃው ራሱ ተራ አስጠባቂ ነው። በእድር ዕቃው ቆሞ ሰው ወደ እርሱ ይመጣል፤ በእዝን ዕቃው ሄዶ ይመለሳል፤ በጽዋ ደግሞ ዕቃው ሳይቆም ይዞራል። ሦስቱም ሊሠሩ የሚችሉት ሰዎቹ በእግር በሚደረስ ርቀት ሲኖሩ ነው።

የ2017ቱ የካዛንቺስ መፍረስ የነካው ይህን ርቀት ነው። ካሳና ምትክ ቤት የሚሰላው ለግለሰብና ለቤተሰብ ነው፤ የአንድ ሰው ሹካና የአንድ ቤተሰብ መሶብ ከባለቤቱ ጋር መኪና ላይ ይጫናል። የእድሩ አባላት ግን ወደ ተለያየ መንደር ሲደርሳቸው ሳህኑ ለማን ይሁን? በመርሕ ደረጃ መንገዱ ከሦስት አይበልጥም። ዕቃው ተሸጦ ገንዘቡ ይከፋፈላል፤ ወይም በቀድሞው አካባቢ ለቀሩት ይተዋል፤ ወይም ብዙ አባል ወደ ሄደበት መንደር ይከተላል። ሦስቱም አንድ ነገር ያጎድላሉ። ሲሸጥ መቶ አንድ ዓይነት ሳህን መሆኑ ይቀራል። ለቀሩት ሲተው ለጥቂት ሰው ብዙ ሳህን ይሆናል። ከብዙኀኑ ጋር ሲሄድ ወደ ሌላ መንደር የደረሰው አባል ለዓመታት ያዋጣበትን ዕቃ ለመዋስ አውቶቡስ መሳፈር አለበት። በአዲሱ መንደር አዲስ እድር ይቋቋማል፤ ይህ የማይቀር ነው፤ አዲስ አበባ እድርን ደጋግማ ፈጥራለችና። እስከዚያው ግን የሚደርሰው ሐዘን የሚስተናገደው በኪራይ ዕቃ ነው፤ የኪራይ ሳህን ደግሞ ምልክቱ የነጋዴ ነው።

የልማት ሥራውን መቃወም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ የካዛንቺስ የቀበሌ ጓሮዎች ያረጁና የተጨናነቁ እንደነበሩ ያየ ሁሉ ያውቃል። የሚጠየቀው ነገር ትንሽ ነው፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። በየዩኒቨርሲቲው የከተማ ጥናት፣ የሶሲዮሎጂና የባህል ጥናት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከቀድሞው ካዛንቺስ የእድር መዛግብትን ሊያገኙ የሚችሉት ጸሐፊዎቹና ዕቃ ያዦቹ ደብተራቸውን ሳይጥሉ ነው። እነዚህ ደብተሮች ሳህን ስንት እንደተገዛ፣ በስንት ብር፣ ስንቱ እንደጠፋ፣ ማን እንደከፈለ በዓመተ ምሕረት ይዘዋል። የምግብ ዋጋን ታሪክ፣ ከሸክላ ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ ፕላስቲክ የተደረገውን ሽግግር፣ በአንድ ለቅሶ የሚቀርበውን ሰው ቁጥር ከእነርሱ ማውጣት ይቻላል። ለሙዚየም ዕቃ የሚሰበስቡ ባለሙያዎችም ያማረውን መሶብ ሲመርጡ፣ ከሥሩ የቀለም ምልክት ያለበትን አንድ የእድር ሳህን ቢጨምሩበት መልካም ነው። በሚሞላው የመግለጫ ቅጽ ላይ ከ«የተሠራበት ነገር» በፊት «ስንት ሰው ይበላበት ነበር» የሚል መስመር ቢገባ ደግሞ የተሻለ ነው።

ከእድር ዕቃዎች ሁሉ ለማስቀመጥ የሚያስቸግረው ትልቁ ማማሰያ ነው። እሳት ላይ ለተጣደ ትልቅ ድስት የተሠራ በመሆኑ እጀታው ረጅም ነው፤ የምታማስለው ሴት ቆማ በሁለት እጇ ታዞረዋለች። በቀበሌው ግቢ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆም ነበር። በኮንዶሚኒየም ማብሰያ ቤት ግን በመደርደሪያ ውስጥ አይገባም፤ ከሁለት ምድጃ በላይ በማይይዝ የማብሰያ ጠረጴዛ ላይም የሚያማስለው ድስት የለም።